ኮምፒውተሩ ስሙን ማንን ይጠይቅ? ለውስጥ ኢሜይል የሚሆን የምርጫ መመሪያ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት የጠራኝ ለሌላ ጉዳይ ነበር። «ማሽኑ ሲከፈት ይዘገያል» ነው ያሉኝ። ሒሳብ የሚይዙት እትየ ጠዋት ኮምፒውተሩን ያበሩና ቡና ወደ መቁላቱ ይሄዳሉ። «አቦል ሳይወርድ አይከፈትም» አሉኝ እየሳቁ። አጋነኑ ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ሰዓት ያዝኩ። በዊንዶውስ ፈንታ አሮጌ ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሴንድሜይል (ኢሜይል ተቀብሎ የሚያደርሰው ፕሮግራም) የሚለው መስመር ጋ ደረሰና ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ደቂቃ ሙሉ።

በዚያው ሌላ ጉድ ተገኘ። በየሌሊቱ የሚሠራው ባክአፕ ሲያልቅ ለእትየ ሪፖርት ይልክላቸው ነበር። ይህ ኢሜይል ከማሽኑ አይወጣም። እዚያው ተጽፎ እዚያው ይነበባል። ከሳምንታት ወዲህ ግን አንድም አልደረሳቸውም። «ባክአፑ ቆሞ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ባክአፑ አልቆመም። ሪፖርቶቹ ተመላሽ እየሆኑ ሩት በሚባለው የማሽኑ አስተዳዳሪ አካውንት ሳጥን ውስጥ ተከምረው ነበር። የሩትን ሳጥን ደግሞ ማን ይከፍታል?

የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ከእኔ በፊት የነካው ሰው የማሽኑን ስም ቀይሯል። አዲሱን ስም ሆስትስ ፋይል ውስጥ፣ ማሽኑ ስምና አድራሻ የሚያነብበት ጽሑፍ ላይ፣ አላስገባም። ባክአፑን የሚያሠራው ስክሪፕት ውስጥ የነበረውንም የድሮ ስም ረስቶታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት «እኔ ማን ነኝ?» እያለ የማያውቀውን ይጠይቃል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የራሱን ደብዳቤ «የኔ አይደለም» እያለ ይመልሳል።

ኮምፒውተር ስሙን የሚጠይቅባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የትኛው ለማን እንደሚሆን እዚህ ላወዳድር። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። እዚያው ማሽን ላይ ተጽፎ እዚያው የሚነበብ ኢሜይል ከግቢ ውጭ ማንንም መጠየቅ የለበትም። የኢንተርኔት መስመር በመጣና በሄደ ቁጥር አብሮ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የሆነ ቦታ ተሳስተናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስሞቹንና ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ የምታስገቧቸው ግን በላቲን ነው።

የክርስትና ስምና የቤት ስም

ኢሜይል የሚቀበለው ፕሮግራም ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፣ «ስሜ ማን ነው?» ሁለተኛ፣ «ይህ አድራሻ የኔ ነው ወይስ የሌላ?» የራሱ ከሆነ ቫር ሜይል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ወደ ተጠቃሚው ሳጥን ይጥለዋል፤ አለቀ። የሌላ ከሆነ ዲኤንኤስን፣ የማሽኖችን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታውን የኔትወርክ ማውጫ፣ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ኤምኤክስ የሚባለውን መዝገብ ነው፣ «የዚህን ስም ደብዳቤ ማን ይቀበላል?» ብሎ። እሱ ከሌለ ተራ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የማሽኑን ቁጥር፣ ይፈልጋል።

ጣጣው ኮምፒውተር አንድ ስም ብቻ የሌለው መሆኑ ነው። አጭር ስም አለው፣ ሙሉ ስም አለው፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ (ሁለት የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ደግሞ ሜይልኔም በሚባል ፋይል ውስጥ ሦስተኛ ስም አለው። እኛ ይሄ አይጠፋንም። ግቢ ገብታችሁ «ወለተ ሥላሴን ፈልጌ ነበር» ብትሉ የገዛ ልጆቿ «እንዲህ የምትባል የለችም» ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ሴትዮዋ ምድጃው ጋ ቁጭ ብላለች። የክርስትና ስሟን የሚያውቁት ግን እሷና የንስሐ አባቷ ናቸው። የእትየ ሪፖርትም የሆነው ይኸው ነው። ባለቤቱ እዚያው ነበረ፤ በድሮ ስሙ ስለተጠራ አላወቁትም።

ደብዳቤው «የሌላ ነው» ከተባለ ደግሞ ነገሩ አስቂኝ ይሆናል። ማዶ ክፍል ላለች እህታችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ፒያሳ ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት ድረስ ወስዳችሁ እንደመጣል ነው። ያውም ፖስታ ቤቱ ክፍት ከሆነ።

አንደኛው መንገድ፦ ሆስትስ ፋይል

የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለ ተራ ጽሑፍ ነው። በአንድ መስመር አንድ አይፒና ስሞቹ ይጻፋሉ። በዕድሜ ከዲኤንኤስ ይበልጣል። ዲኤንኤስ በ1983 ከመምጣቱ በፊት የኔትወርኩ ማሽኖች ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ ካሊፎርኒያ ካለ ማዕከል ይታደል ነበር። እያንዳንዱ ማሽን ቅጂውን ያወርዳል። ያ ፋይል አድጎ አስቸገረና ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈ። የኤምኤክስ አሠራር በ1986 ተጨመረበት። ትንሹ ሆስትስ ፋይል ግን እያንዳንዱ ማሽን ላይ ዛሬም አለ። አብዛኛው ሊኑክስ ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት እሱን ያነባል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ኤንኤስስዊች የተባለው ፋይል ነው፤ «ፋይልስ» የሚለው ቃል ከ«ዲኤንኤስ» መቅደሙን እዩ።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ሲጫኑ 127.0.1.1 በሚል አድራሻ የማሽኑን ስም ያስገባሉ። መስመሩ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። አይፒው፣ ቀጥሎ ሙሉ ስም፣ በመጨረሻ አጭሩ። እንዲህ፦

127.0.1.1 መድኃኒት.ሆም.አርፓ መድኃኒት

ብዙ ሰው አጭሩን ያስቀድማል። ያኔ ማሽኑ «ሙሉ ስምህ ማን ነው?» ሲባል አጭሩን ይመልሳል፤ የኢሜይሉ ፕሮግራምም ይወዛገባል። ሆስትኔም የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝ ኤፍ ጋር ስትጽፉ ሙሉው ስም ወዲያው መውጣት አለበት። ካሰበ፣ ካዘገመ ወይም ስህተት ካወጣ መስመሩ ልክ አይደለም። ማሽኑ ቋሚ የኔትወርክ አይፒ ካለው በ127.0.1.1 ፈንታ እሱን ጻፉ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ስም ስትቀይሩ ፋይሉ ራሱን አይቀይርም። ሆስትኔምሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ስሙን የቀየረ ሰው ሆስትስ ፋይሉም አብሮ የተስተካከለ ይመስለዋል። አልተስተካከለም። ሱዱ ብላችሁ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ በሰጣችሁ ቁጥር «የማሽኑን ስም ላገኘው አልቻልኩም» የሚል መልእክት ከወጣ ምልክቷ እሷ ናት። ብዙ ሰው ሥራው እስከተሠራለት ድረስ አይቶ ያልፋታል። አትለፏት።

ሁለተኛው ጉድለት አሥር ማሽን ካለ አሥሩም ላይ መጻፍ ማስፈለጉ ነው። ሦስት ድረስ በእጅ ይቻላል። ከዚያ በላይ ያታክታል።

ምንም ሳይጽፉ መተው

አዳዲሶቹ የሊኑክስ ስሪቶች ሲስተምዲ ውስጥ (ማሽኑን የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው ክፍል ነው) ማይሆስትኔም የምትባል ትንሽ አጋዥ አለቻቸው። ማሽኑ የራሱን ስም ሲጠይቅ ሆስትስ ፋይል ላይ ባይኖርም እሷ ትመልስለታለች። የኢንተርኔት መስመር አትፈልግም። ለአንድ ላፕቶፕ ትበቃለች። ሙሉ ስም ካልሰጣችሁት ግን ከየትም አታመጣላችሁም። አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። የመድኃኒት ቤቱ ላይ አልነበረችም። እኔ እሷ እያለችም የሆስትሱን መስመር እጽፋለሁ፤ የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ነጥብ ሎካል

ኔትወርኩ ላይ ያሉ ማሽኖች አለቃ ሳያስፈልጋቸው እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ዘዴ አለ። ኤምዲኤንኤስ ይባላል። ሊኑክስ ላይ የሚሠራው አቫሂ በሚባል ፕሮግራም ነው። ስሞቹ «ነጥብ ሎካል» ብለው ያልቃሉ። ለፕሪንተር ግሩም ነው። ለኢሜይል ግን ቀሽም ምርጫ ነው። ፖስትፊክስ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ወደ ሌላ ማሽን ሲልክ በተለመደው አቀማመጡ የሚጠይቀው ዲኤንኤስን ብቻ ነው፤ ኤምዲኤንኤስን ዞር ብሎም አያይም። ፒንግ (ማሽኑ መኖሩን የሚጠይቀው ትእዛዝ) ይሠራል፣ ኢሜይሉ አይሄድም፣ እናንተም ትደናገራላችሁ።

የግቢው ዲኤንኤስ

አዘዞ ያለ አንድ ቢሮ አምስት ኮምፒውተሮች አሉት። የአራቱ ሪፖርት አምስተኛው ላይ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ሆስትስ ፋይል ብቻውን አያዋጣም፣ ምክንያቱም ቅድም ያልኩት የፖስትፊክስ ጠባይ ሆስትስ ፋይሉንም ይመለከታል። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ሆስትስ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፒንግም ያደርጋል፣ ኢሜይሉ ግን ስሙ አልተገኘም እያለ ይመለሳል» የሚል ቅሬታ ስንቴ ሰምቻለሁ። ፖስትፊክስ አልተሳሳተም። ሆስትስ ፋይል ውስጥ ኤምኤክስ የሚባል ነገር የለም፤ ፖስትፊክስም ከዚያ እንዲያነብ አልተነገረውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ዲኤንኤስማስክ መጫን ነው። ትንሽ ፕሮግራም ነች፤ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃታል። የምትሠራው ደግሞ ደስ ይላል። የራሷን ማሽን ሆስትስ ፋይል አንብባ ለግቢው ሁሉ በዲኤንኤስ መልክ ታድላለች። ስም ስትቀይሩ አንድ ቦታ ቀይራችሁ ታርፋላችሁ። ኤምኤክስም መስጠት ትችላለች። ከውጭ ያለው መስመር ቢጠፋም ለግቢው ስሞች መመለሷን አታቋርጥም። ዋጋው፣ ያቺ ማሽን ከጠፋች ሁሉም ስም ይረሳል። መብራት ሲሄድ ቀድሞ መነሳት ያለበት እሷ ያለችበት ማሽን ነው።

ሌላው መፍትሔ ስም የሚባለውን ነገር መተው ነው። አራቱ ማሽኖች ላይ ፖስትፊክስን ሪሌይሆስት (ደብዳቤው በማን በኩል ይለፍ?) በሚለው ቦታ የአምስተኛውን አይፒ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስጡት፤ ለምሳሌ [192.168.1.10]። ማዕዘን ቅንፉ «ኤምኤክስ አትፈልግ» ማለት ነው። ውስጡ ያለው ቁጥር ስለሆነ የሚጠየቅ ስምም የለም። ላኪዎቹ አራት ከሆኑ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። አይፒው እንዳይቀየር ራውተሩ ላይ ማሰር ግን ግድ ነው።

እውነተኛ ዶሜይን

ድርጅቱ የራሱ ዶሜይን ካለው ለማሽኖቹ ከሥሩ ስም መስጠት ይቻላል። ንጹሕ አሠራር ነው፤ ከማንም ስም ጋር አይጋጭም። ለሰርቨር ተመራጭ ነው። ለውስጥ ኢሜይል ግን በእሱ ብቻ አትመኩ። መልሱ የሚመጣው ከውጭ ከሆነ፣ መስመር የጠፋ ለታ የራሳችሁን ስም ለማወቅ ትቸገራላችሁ። ዶሜይኑን ያዙ፣ ሆስትስ ላይም ጻፉ።

እዚህ ላይ ስለ መዘግየት አንድ ነገር ልበል፤ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ገመዱ ከተነቀለ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል። ክፉው ሁኔታ መብራት አለ፣ ራውተር በርቷል፣ መስመር ግን የለም የሚባለው ነው። ጥያቄው ይወጣል፣ የሚመልስ የለም፣ ማሽኑ ይጠብቃል። በተለመደው አሠራር ለአንድ ዲኤንኤስ ሰርቨር 5 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ዙሩንም 2 ጊዜ ይሞክራል። ሁለት ሰርቨር ከተመዘገበ ለአንድ ስም 20 ሴኮንድ ሄደ ማለት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመዝገቢያ ገጽ ሠርቶ «ኮዴ ከብዷል» ብሎ ሁለት ቀን ኮዱን ሲያቃልል አይቻለሁ። ገጹ ምዝገባ ሲያልቅ ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የላፕቶፑን ስም ይፈልጋል። ስሙ የትም አልተጻፈም። አንዷን የሆስትስ መስመር ስንጽፍ ገጹ በረረ። ልጁ ደስ ከሚለው ይልቅ ተናደደ፣ አልፈርድበትም።

ሴንድሜይል ከዚህም ይብሳል። ሙሉ ስሙን ካላገኘ አንድ ደቂቃ ተኝቶ እንደገና ይሞክራል። የእትየ ቡና የሚፈላው በዚያች ደቂቃ ነበር።

የትኛው የኢሜይል ፕሮግራም?

ከሴንድሜይል ጀምሮ ላሳጥረው። ማሽኑ ላይ ካገኛችሁት ተንከባከቡት፤ አዲስ ግን አትጫኑ።

ፖስትፊክስን የማደንቀው የራሱን ስም ለማወቅ ዲኤንኤስን ስለማይጠይቅ ነው። ማሽኑ የሰጠውን ይወስዳል፤ ሙሉ ካልሆነ «ሎካልዶሜይን» የሚል ጅራት ይቀጥልበታል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ምን ዓይነት አገልግሎት እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። ኢሜይሉ ከማሽኑ የማይወጣ ከሆነ «ሎካል ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ወጥመድ ነው። «ሲስተም ሜይል ኔም» ይላል። ሰው እዚህ ላይ የድርጅቱን ዶሜይን ይጽፋል፣ ምክንያቱም ኢሜይል ሲባል ትዝ የሚለው እሱ ነው። ፖስትፊክስ ያንን ስም ማይደስቲኔሽን ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ዝርዝር «የእነዚህ ስሞች ደብዳቤ የኔ ነው፣ ወደ ውጭ አይውጣ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከዚያ ማሽን ለሥራ ባልደረባችሁ በድርጅቱ አድራሻ ስትልኩ «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ባልደረባው አለ። ማሽኑ ግን ዶሜይኑን በሙሉ የራሱ ቤት አድርጎታል። አንድ ቢሮ ውስጥ በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች «ኢሜይሌን ንቀህ ነው» ተባብለው ተኮራርፈው አይቻለሁ።

አንዳንዱ ይሄን ሲያይ ዶሜይኑን ከዝርዝሩ ያወጣና ሜይልኔም ፋይሉ ላይ ይተወዋል። አሁን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ክሮን (በሰዓቱ ሥራ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለሩት የሚልከው ተራ ሪፖርት የድርጅቱ ዶሜይን እየተለጠፈበት በኢንተርኔት ሊወጣ ይሞክራል። መስመር ከሌለ እስከ 5 ቀን ወረፋ ላይ ይቆይና ይመለሳል። ሜይልኔም ላይ የማሽኑን ሙሉ ስም ጻፉ፣ ያው ስም ማይደስቲኔሽን ውስጥ ይኑር። ሁለቱ አንድ ስም ይናገሩ። ስም ስትቀይሩ የድሮውንም ዝርዝሩ ላይ ተዉት፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር።

ኤክሲምም ጥሩ ነው። ዴቢያን ላይ ሲዋቀር የዲኤንኤስ ጥያቄ እንዲቀንስ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» በሉት። ለሚቆራረጥ መስመር የተዘጋጀች ጥያቄ ናት፤ ጎንደር ሆኖ የጻፋት ሰው ነው የምትመስለው።

ኢሜይል ከውስጥ ወደ ውስጥ ብቻ ከሆነ ዲኤምኤ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ዴሞን ሆና ከጀርባ ሁልጊዜ እየሠራች ቁጭ አትልም፣ ከኔትወርክ የሚገባበት በር (ፖርት) አትከፍትም፣ ስትጠራ ሠርታ ትሄዳለች። ለሱቅ ኮምፒውተር ከፖስትፊክስ ይልቅ እሷን እመርጣለሁ። ኤምኤስኤምቲፒ ግን ለዚህ አይሆንም። እሱ መልእክቱን ውጭ ላለ ሰርቨር ያስረክባል እንጂ የውስጥ ሳጥን አያውቅም። ወረፋም በራሱ አይዝም። መስመር በሌለበት ሌሊት የተላከ ሪፖርት እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ስሙ ራሱ

መጨረሻው ምን ይሁን? «ነጥብ ሎካል» በ2013 ለኤምዲኤንኤስ ስለተሰጠ ተዉት። «ሆም.አርፓ» በ2018 ለቤት ኔትወርክ ተለይቷል፤ እኔ እሱን እጠቀማለሁ። «ነጥብ ኢንተርናል» ደግሞ በ2024 ለውስጥ አገልግሎት ተጠብቋል፤ ለቢሮ ያምራል። ከራሳችሁ ፈጥራችሁ አትጻፉ። «ነጥብ ዴቭ» የማንም ያልነበረበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የጉግል ነው፣ በእሱ ማሽኖቻቸውን የሰየሙ ሰዎችም ስም ለመቀየር ተገደዋል።

ፈተናው

የመረጣችሁት መንገድ ሥራ ላይ መሆኑን የምታውቁት በአንድ ሙከራ ነው። የኔትወርኩን ገመድ አትንቀሉ፤ ያ ቀላሉ ፈተና ነው። ራውተሩ ይብራ፣ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚሄደውን ብቻ ንቀሉ። ከዚያ ለራሳችሁ ላኩ፣ ሜይልኪው ብላችሁ ወረፋውን እዩ። ወረፋው ባዶ፣ ሳጥኑ ሙሉ መሆን አለበት። ወረፋው ላይ ከቆመ ማሽኑ አሁንም ውጭ እየጠየቀ ነው።

መድኃኒት ቤቱ ላይ የሠራሁት ሦስት ነገር ነበር። ሆስትስ ላይ አንድ መስመር፣ ስክሪፕቱ ላይ አድራሻውን ማስተካከል፣ የሩት ደብዳቤ ለእትየ እንዲደርስ የማን ደብዳቤ ለማን ይሂድ የሚለው በሚጻፍበት አሊያስስ ፋይል ላይ አንድ ቃል። ከዚያ ከራውተሩ ጀርባ የውጩን መስመር ነቅዬ ላኩላቸው። ወዲያው ገባ።

«ማን ነው የላከው?»

«ማሽኑ ነው እትየ። ለእርስዎ።»

«ኢንተርኔቱን ነቅለኸው የለ እንዴ? በየት መጣ?»

«ከዚሁ። የትም አልሄደም።»

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ በመስኮት ጠሩኝ። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ገባሁ። «ልጄ፣ አሁንማ ቡናውን ሳልቆላ ይከፈታል» አሉኝ። «ደንበኛው ደግሞ መከፈቱን እያየ ይገባል።»